ክላውድ ወይስ የራስ ሰርቨር? ቀጣሪ የሚከፍለው ለየትኛው ችሎታ ነው

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 የአማዞን ክላውድ፣ ኤደብሊውኤስ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ባለው ቀጠናው ለሰዓታት ታወከ። ስናፕቻትንና ፎርትናይትን የመሳሰሉ አገልግሎቶች አብረውት ተንገዳገዱ። ሰርቨር አልተቃጠለም፣ ኬብልም አልተቆረጠም። ዳይናሞዲቢ የተባለውን ዳታቤዝ አድራሻ የሚያድሰው አውቶማቲክ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ሂደቶች ተጋጩና የዲኤንኤስ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ቀረ። ዲኤንኤስ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር የኢንተርኔት ማውጫ ነው። ማውጫው ባዶ ሲሆን ደህና የነበሩ ሰርቨሮችም የሚያገኛቸው ጠፋ።

እንዲህ ያለ ነገር በተፈጠረ ቁጥር የታወቀው ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን ሁሉም ወደ ራሱ ሰርቨር ይመለስ ይላል። ሌላው የሥራ ማስታወቂያዎችን ይዞ ይመጣና ክላውድ የማያውቅ ሰው ቦታ የለውም ይላል። መሐል ላይ ግራ የሚጋባው ምን ልማር ብሎ የሚያስበው ሰው ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነው። አንደኛው ለድርጅት የትኛው ያዋጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው ለሠራተኛ የትኛው ልምድ ዋጋ ያወጣል የሚለው ነው። አንድ ድርጅት ከክላውድ ወጥቶ ብዙ ገንዘብ ሊያተርፍ ይችላል። በማግስቱ ግን ያው ድርጅት ክላውዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ አለዚያ ማን ያስወጣዋል?

ስለ ምን እየተነጋገርን ነው

ፐብሊክ ክላውድ የሚባለው ኤደብሊውኤስ፣ ማይክሮሶፍት አዙርና ጉግል ክላውድ የመሳሰሉት የሚያከራዩት መሠረተ ልማት ነው። ኮምፒውተር፣ ማከማቻና ኔትወርክ በኤፒአይ ይታዘዛል፣ በተጠቀሙበት ልክ ይከፈላል። ኤፒአይ አንድ ፕሮግራም ሌላውን የሚያዝበት በር ነው። አማዞን ኤስ3 የተባለውን ማከማቻና ኢሲ2 የተባለውን የሰርቨር ኪራይ ያወጣው በ2006 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የራስ ሰርቨር ሲባል ግን አንድ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ፕሮክስሞክስ የተባለውን፣ አንዱን ማሽን እንደ ብዙ ሰርቨር የሚያሠራ ሶፍትዌር ጭኖ መለማመድም የራስ ሰርቨር ነው። ኮሎኬሽንም አለ፤ ሰርቨሩ የራስ ሆኖ ቦታው፣ መብራቱና ማቀዝቀዣው የሚከራይበት ማለት ነው። የባንክ ወይም የቴሌኮም ሙሉ ዳታ ሴንተርም አለ። ሦስቱ በቀጣሪ ዓይን እኩል አይደሉም። ክርክሩ ላይ ግን ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ።

ማስታወቂያው ለምን ክላውድ፣ ክላውድ ይላል

ቀላሉ መልስ ብዙ ድርጅት ክላውድ ስለሚጠቀም የሚል ነው። ልክ ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም።

ማመልከቻዎችን መጀመሪያ የሚያጣራው ብዙ ጊዜ ባለሙያው አይደለም፤ የሰው ኃይል ክፍል ወይም ሶፍትዌር ነው። እነዚህ የሚፈልጉት ስም ነው። "ሊኑክስ ላይ የራውቲንግና የፋየርዎል ሥራ" የሚል ሐረግ ጥልቅ ችሎታ ሊያመለክት ይችላል፤ ማስታወቂያው የጠየቀው "ኤደብሊውኤስ" ከሆነ ግን ሲቪው ባለሙያው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። ይህ ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ምክንያት አለ። ለደንበኞች የክላውድ ሥራ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች የኤደብሊውኤስ አጋር ሆነው ደረጃ ለማግኘት የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ሰርተፊኬት ያላቸው ሠራተኞች ሊኖሯቸው ይገባል። ለእነሱ ሰርተፊኬቱ የእውቀት ማስረጃ ብቻ አይደለም፤ ለድርጅቱ ራሱ የንግድ ጥቅም አለው። ስለዚህ "ሰርተፊኬት ወረቀት ነው" የሚለው ትችት የሚገባኝ ቢሆንም፣ ወረቀቱ የሚሸጥበት ገበያ መኖሩን ይዘለዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። አለቃው አዲሱ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሥራ እንዲጀምር ይፈልጋል። የፈቃድ ሥርዓቱን፣ አይኤኤም የሚባለውን፣ ከዜሮ ማስተማር አይፈልግም። አይኤኤም ማን የትኛውን የክላውድ ሀብት መንካት እንደሚችል የሚወስነው ክፍል ነው። ውስብስብነቱም የዋዛ አይደለም።

የወጡትና የገቡት

ቤዝካምፕና ሄይ የተባሉትን ምርቶች የሚሠራው 37ሲግናልስ በ2022 ከክላውድ እንደሚወጣ ሲያስታውቅ ብዙ ተወራ። የዚያ ዓመት የክላውድ ወጪው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሰርቨር ገዝቶ ኮሎኬሽን ላይ አስቀመጠ፤ ሥራውን የሚያሰማራበት ካማል የተባለ መሣሪያም ሠርቶ በነፃ ለቀቀ። ድሮፕቦክስ ቀደም ብሎ አብዛኛውን የተጠቃሚ ፋይል ከአማዞን ወደ ራሱ ማከማቻ አዛውሯል። በ2018 አክሲዮን ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ የሥራ ማስኬጃ ወጪው 74.6 ሚሊዮን ዶላር እንደቀነሰ ገልጿል።

በተቃራኒው ኔትፍሊክስ አለ። በ2008 ዳታቤዙ ተበላሽቶ ለሦስት ቀን ዲቪዲ መላክ አቃተው። ከዚያ ወደ ኤደብሊውኤስ መዛወር ጀመረና በጃንዋሪ 2016 ጨረሰ። ካፒታል ዋን የተባለው ባንክም በ2020 ዳታ ሴንተሮቹን ዘግቶ ሙሉ በሙሉ ክላውድ ውስጥ ገባ።

እነዚህን ታሪኮች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የ37ሲግናልስ ሥራ መጠኑ የሚገመት ነው፤ ነገ ምን ያህል ሰርቨር እንደሚያስፈልግ ዛሬ ይታወቃል። እንዲህ ላለ ሥራ በሰዓት መከራየት ውድ ነው። ድሮፕቦክስ ደግሞ ዋና ሥራው ማከማቸት ነው። ኔትፍሊክስም ቢሆን ሁሉን ነገር አልተከራየም። ቪዲዮውን ለተመልካች የሚያደርሱት ኦፕን ኮኔክት የተባሉ የራሱ ሰርቨሮች ናቸው። በኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች ግቢ ውስጥ ሳይቀር ይቀመጣሉ። የክላውድ ምሳሌ ተደርጎ የሚጠራው ድርጅት ራሱ የብረት፣ ማለትም የሃርድዌር፣ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ያስፈልጉታል።

አንድ ችግር በቅርበት

ነገሩን በተጨባጭ እንየው። አንድ አፕሊኬሽን ኤደብሊውኤስ ላይ ፕራይቬት ሰብኔት ውስጥ ተቀምጧል እንበል። ይህ ከኢንተርኔት በቀጥታ የማይደረስበት የኔትወርክ ክፍል ነው። አፕሊኬሽኑ ሌሊት ሌሊት ፋይሎችን ወደ ኤስ3 ይልካል። ወደ ውጭ እንዲወጣ ናት ጌትዌይ ተደርጎለታል፤ ናት የውስጥን አድራሻ በውጭ አድራሻ ተክቶ የሚያሳልፍ ዘዴ ነው። ሁሉም ይሠራል። ማንም አያማርርም። በወሩ መጨረሻ ቢሉ ይመጣል።

በሰሜን ቨርጂኒያ ናት ጌትዌይ በሰዓት 0.045 ዶላር ያስከፍላል። በዚያ ላይ ለሚያልፍበት እያንዳንዱ ጊጋባይት ሌላ 0.045 ዶላር ይጨምራል። በወር 10,000 ጊጋባይት ካለፈ፣ ለማለፉ ብቻ 450 ዶላር ይሆናል። መፍትሔው ለኤስ3 ጌትዌይ ኢንድፖይንት መክፈት ነው። ትራፊኩን ናቱን ሳያስነካ በቀጥታ ኤስ3 ያደርሰዋል፣ ክፍያም የለውም። ትራፊክ በየት እንደሚሄድ የሚወስነው ራውት ቴብል ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፣ አለቀ።

ይህን ማን ያገኘዋል? ለዓመታት የሊኑክስ ራውተር ሲያዋቅር የኖረ ሰው ትራፊኩ ለምን በናቱ እንደሚሄድ ወዲያው ይገባዋል። ከብዙ መንገዶች ይበልጥ ጠባቡን አድራሻ የያዘው እንደሚመረጥም ያውቃል። ግን ማሳለፍ በጊጋባይት እንደሚያስከፍል ላያስብ ይችላል፤ የራሱ ራውተር አስከፍሎት አያውቅማ። ለፈተና ያጠናው ሰው ደግሞ የኢንድፖይንቱን ስም ያውቃል። መስመሩን ጨምሮ ግንኙነቱ ድርቅ ብሎ ከቀረ ግን ከየት እንደሚጀምር ላያውቅ ይችላል። ራውቱ ነው? ፋየርዎሉ ነው? የኢንድፖይንቱ ፖሊሲ ነው? አንዱን ከሌላው ለይቶ መፈተሽ ከፈተና ጥያቄ አይገኝም።

ዳታቤዝ ላይም እንዲሁ ነው። አርዲኤስ የመሰለ የዳታቤዝ አገልግሎት ሲከራዩ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ጥገናና የባክአፑን መርሐ ግብር አቅራቢው ይይዝልዎታል። ዳታቤዙ ላይ የተጓተተው ጥያቄ፣ የጎደለው ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ)፣ የሞላው የግንኙነት ብዛት ግን የእርስዎ ነው። ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ በእጁ ያስተዳደረ ሰው እዚህ ላይ የሚበልጠው ሰርቨሩ የራሱ ስለነበር አይደለም። ሲበላሽ ውስጡን ከፍቶ ለማየት ስለተገደደ ነው።

የቤት ሰርቨር "ልምድ" ይባላል?

እዚህ ላይ የሁለቱም ወገን ክርክር ይሳሳታል ብዬ አስባለሁ። የቤት ሰርቨር ወዳጆች ያጋንናሉ። ቀጣሪዎች ደግሞ አሳንሰው ያያሉ።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥርዓት ብዙ ያስተምራል። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ ሌላ ሰው አይጎዳበትም። የፎቶ ማከማቻው ለሁለት ቀን ቢቆም ቤተሰብ ያጉረመርማል፣ ያልፋል። በሥራ ቦታ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ። ቢበዛ የስንት ሰዓት ዳታ ቢጠፋ እንችላለን? ከወደቅን በምን ያህል ጊዜ እንመለሳለን? ባለሙያዎች የመጀመሪያውን አርፒኦ፣ ሁለተኛውን አርቲኦ ይሉታል። ለእነዚህ ቁጥር ሰጥቶ፣ ያንን ቁጥር ጠብቆ መኖር ነው ልምድ የሚባለው።

የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው የጊትላብ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ድርጅቱም ሳይደብቅ ጽፎታል። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ የተባዛውን ዳታቤዝ የሚያጸዳ መስሎት የዋናውን ፎልደር መደምሰስ ጀመረ። ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ነበር። ወደ ባክአፕ ዞሩ። ዕለታዊው ባክአፕ ባዶ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ግን የ9.2 ስለነበር ሁልጊዜ ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በማረጋገጫ ጉድለት ምክንያት ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። የተረፉት ቀደም ሲል ለሌላ ሥራ በእጅ በተወሰደ፣ 6 ሰዓት ገደማ ባስቆጠረ ቅጂ ነው።

ልብ በሉ፣ ጊትላብ በዚያን ጊዜ አዙር ላይ ተከራይቶ ነበር የሚሠራው። ክላውድ ላይ መሆኑ ከዚህ አላዳነውም። የራስ ሰርቨርም ዋስትና አይደለም። በኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለ6 ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ሲጠፋ ዳታ ሴንተሩም ኔትወርኩም የራሱ ነበር። ችግሩን የሚፈታበት የውስጥ መሣሪያም አብሮ ጠፍቶበት ነበር።

ስለዚህ ቀጣሪው፣ ቢያንስ ጥሩው ቀጣሪ፣ የሚገዛው ይህንን ነው፦ ነገር ሲበላሽ አይቶ የሚያውቅ፣ ባክአፑን መልሶ ሞክሮ የሚያውቅ ሰው። ሰርቨሩ የት እንደነበር ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ብረት የሚፈለግባቸው ቦታዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰርቨር ክፍል ሙያ እየከሰመ ነው የሚለው ግምት የተለመደ ነበር። ሦስት ነገሮች ግምቱን አናውጠውታል።

ትልቁ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። የኤንቪዲያ ኤች100 አንድ ቺፕ እስከ 700 ዋት ይወስዳል። ስምንት ቺፖች የያዘው ዲጂኤክስ ኤች100 ሰርቨር እስከ 10.2 ኪሎዋት ይደርሳል። ለዓመታት አንድ ሙሉ የሰርቨር መደርደሪያ ከዚህ ባነሰ ኃይል ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን ሲበዛ ኃይል፣ ማቀዝቀዣ፣ ፈጣን ኔትወርክና ፈርምዌር (ሃርድዌሩ ውስጥ የሚጫን ሶፍትዌር) የሚያውቅ ሰው ግድ ይላል። ክላውድ አቅራቢዎቹም ቢሆኑ ዳታ ሴንተራቸው ውስጥ የሚቀጥሩት ይህንኑ ሰው ነው።

ሁለተኛው ቪኤምዌር ነው። አንዱን ሰርቨር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ሰርቨር የሚያሠራ፣ በድርጅቶች ዘንድ በሰፊው የተዘረጋ ሶፍትዌር ነው። ብሮድኮም በኖቬምበር 2023 ጠቅልሎ ገዛው። ብዙም ሳይቆይ የዘላቂ ፈቃድ ሽያጭ አቁሞ ሁሉንም ወደ ደንበኝነት ክፍያ አዞረ። ወጪው የከበዳቸው ድርጅቶች ፕሮክስሞክስን፣ ኑታኒክስን፣ ኦፕንስታክን ማየት ጀመሩ። ቤት ውስጥ ፕሮክስሞክስ ሲነካካ የነበረ ሰው ሳያስበው ተፈላጊ እውቀት እጁ ላይ ተገኘ።

ሦስተኛው ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። ደንበኛ ከአንድ ክላውድ ወደ ሌላ ሲዛወር የሚጠየቀው የማዛወሪያ ክፍያ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮ እንዲቀር ያዛል። ሦስቱ ትልልቅ አቅራቢዎች ጠቅልለው ለሚወጡ ደንበኞች የዳታ ማስወጫ ክፍያን በ2024 አስቀርተዋል። በሩ ሲከፈት የሚገባውም የሚወጣውም ሊበዛ ይችላል። ሁለቱንም ዓለም የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ዋጋው ይጨምራል።

ነገሩን ግን ማጋነን አይገባም። ዳታ ሴንተር ውስጥ ያለው ሥራ ሰርቨሩ ባለበት ቦታ መገኘትን ይጠይቃል። የክላውድ ሥራ ግን ከየትም ሊሠራ ይችላል፣ አመልካቹ የሚያገኛቸው ክፍት ቦታዎችም ይበዙለታል። ከርቀት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የትኛው ቶሎ ያረጃል

ከሁለቱም ወገን የሚያረጅ አለ። ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራው የአንድ አምራች ሬይድ ካርድ ሜኑ ያረጃል። የክላውድ ኮንሶል (የማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለም ያረጃል፤ እንዲያውም ፈጠን ይላል። የማያረጁት ሊኑክስ፣ ቲሲፒ አይፒ፣ ዲኤንኤስ፣ የፈቃድና የምስጠራ መርሆች፣ የዳታቤዝ አሠራር ናቸው።

መሐል ላይ ያሉ ችሎታዎችም አሉ፤ ለእኔ በጣም የሚያዋጡት እነዚህ ናቸው። ኩበርኔቲስ አንዱ ነው፤ በኮንቴይነር የታሸጉ ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨር ላይ የሚያሰማራ ሥርዓት ነው። ክላውድ ላይም የራስ ሰርቨር ላይም ያው ነው። መሠረተ ልማትን በጽሑፍ ፋይል መግለጽም እንዲሁ፤ ቴራፎርምና አንሲብል የሚሠሩት ይህንን ነው። የእጅ ሥራን ወደ ፋይል ቀይሮ በጊት፣ የፋይል ለውጦችን በሚመዘግብ መሣሪያ፣ የሚይዝ ሰው ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ቋንቋው ይገባል።

ፈተናዎቹም ይለያያሉ። የኤደብሊውኤስ ሰርተፊኬት በአብዛኛው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ለ3 ዓመት ያገለግላል። የሬድ ሃት አርኤችሲኤስኤ እና የኩበርኔቲስ ሲኬኤ ግን ማሽን ላይ በተግባር የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው የማጣሪያውን በር ይከፍታል፤ ሁለተኞቹ ቃለ መጠይቁ ላይ ያግዛሉ።

ለማን ምን ይሻላል

አዲስ ጀማሪ ከሆነ፣ ሊኑክስና ኔትወርክ በራሱ ማሽን ላይ ይልመድ፤ ከዚያ አንድ ክላውድ፣ አንድ ብቻ፣ በደንብ ይያዝ። ሦስቱንም በስሱ መቅመስ ሲቪ ያሳምራል እንጂ ቃለ መጠይቅ አያሻግርም። ክላውዱን ሲጀምር በመጀመሪያ ቀን የወጪ ማስጠንቀቂያ ያብጅ።

የብዙ ዓመት ሲስተም አድሚን ከሆነ የሚጎድለው እውቀት ከሚያስበው ያነሰ ነው። ቪላንን (አንዱን ኔትወርክ ከፋፍሎ መጠቀምን) እና ራውቲንግን የሚያውቅ ሰው ቪፒሲን፣ ክላውድ ውስጥ ያለውን የግል ኔትወርክ፣ በቀናት ይረዳዋል። አዲስ የሚሆንበት አይኤኤም ነው። ካፒታል ዋን በ2019 የደረሰበት ጥቃት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 100 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነክቷል። በተሳሳተ መንገድ የተዋቀረ ፋየርዎል ለጥቃቱ በር ከፈተ፤ ከሚገባው በላይ ሰፊ ፈቃድ የተሰጠው ሮል (የአይኤኤም የፈቃድ ማንነት) ደግሞ ዳታውን አሳልፎ ሰጠ። የራስ ሰርቨር ዓለም ለመጀመሪያው ያዘጋጃል፣ ለሁለተኛው ግን እምብዛም።

ክላውድ ላይ ብቻ ያደገ ሰው ደግሞ አንድ ርካሽ ማሽን ላይ ፖስትግሬስ ይጫን፣ ያበላሸው፣ ይመልሰው። ከዚህ ሌላ ዳታ ሴንተር አያስፈልገውም።

ሲቪው ላይ ሲመጣ፣ "ፕሮክስሞክስ፣ ዶከር፣ ዜድኤፍኤስ አውቃለሁ" የሚል ዝርዝር ለአንባቢው ብዙም አይነግረውም። "ባክአፑን በየወሩ ባዶ ማሽን ላይ እመልሳለሁ፤ መመለሱ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ ከሽፎ ምክንያቱ ይህ ነበር" የሚለው ግን ጥያቄ ይጋብዛል፣ ጠያቂው ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ክላውድ ላይም "ኤስ3 ተጠቅሜያለሁ" ከማለት ይልቅ የትኛው ወጪ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደና እንዴት እንደሆነ መጻፍ ይበልጣል።

አመልካቹም በተራው ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ሌሊት ጥሪ ሲመጣ ተረኛው ማን ነው? የራሱን ሰርቨር የሚያስተዳድር አነስተኛ ድርጅት ውስጥ መልሱ "አንተ ብቻ" ከሆነ፣ ሥራው ብዙ ያስተምራል፤ ዕረፍት የሚባል ነገር ግን አይኖርም። ደመወዙ ሲነገር ይህም አብሮ ይሰላ።